ድምፅ ማሰማትና ድምፅ መስጠት



የትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር በዚህ ዓመት ከመረጣቸው አርእስት አንዱ፣ «በከተማ ቤት ያለው ነገር ግን በከተማው የማይኖር ሰው በከተማው አስተዳደር ድምፅ ሊኖረው ይገባል» የሚል ነበር። ዕጣ ሲጣል «ይገባል» የሚለው ወገን ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ ደረሰን። ተከራከርን፤ በዳኞችም ውሳኔ አሸነፍን። ዳሩ ግን ከአዳራሹ ስወጣ ልቤ ከምላሴ ጋር አልነበረም። ምላስ ያሸነፈበትን ነገር ልብ ካልተቀበለው እንደ ገና መመርመር ይገባልና ይህን ጽሑፍ ለመጽሔታችን ያዘጋጀሁት ስለዚህ ነው።

ነገሩ ለእኔ የአዳራሽ ክርክር ብቻ አይደለም። በውጭ አገር የሚኖሩት አጎቴ ከእኛ ቤት ሦስተኛ በሆነው ግቢ ጥሩ ቤት ሠርተዋል። በየዓመቱ ለጥምቀት ይመጣሉ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ግቢውን ዘበኛ እየጠበቀው ዓመቱ ያልፋል። ግብሩን ማዘጋጃ ቤት ሄዳ የምትከፍልላቸው እናቴ ናት። ባለፈው ዓመት የሰፈራችን ሰዎች ተሰብስበው ለጎርፍ መውረጃ ቦይ ማሠሪያ እያንዳንዱ ቤት ገንዘብ እንዲያዋጣ ሲወስኑ የአጎቴም ቤት ድርሻው ተመደበበት። አጎቴ ይህን በስልክ በሰሙ ጊዜ፣ «በገንዘቡስ አልሰስትም፤ ነገር ግን ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። እኔም መልስ አጥቼ ዝም አልኩ።

ለክርክሩ ስዘጋጅ ግን ይህ የአጎቴ ጥያቄ በሌላ አገር ከተሞችን ለሁለት ከፍሎ ሲያነጋግር የቆየ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደዚያው ልውሰዳችሁ።

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ኬፕ ኮድ የሚባል እንደ ታጠፈ ክንድ ሆኖ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የገባ ምድር አለ። በእኛ አገር ክረምት ሲሆን በእነርሱ በጋ ነው። በዚያን ጊዜ ከቦስተን፣ ከኒው ዮርክና ከሌሎችም ታላላቅ ከተሞች ሕዝብ ወደ ባሕሩ ዳር ይጎርፋል። ከሚመጡትም መካከል ብዙዎቹ እንግዶች ብቻ አይደሉም፤ በዚያ የራሳቸው ቤት ያላቸው ናቸው። በኬፕ ኮድ ካሉት ቤቶች ከሢሶ የሚበልጡት በዓመቱ ጥቂት ወራት ብቻ ሰው የሚገባባቸው ናቸው። ትሩሮና ዌልፍሊት በሚባሉት ትናንሽ ከተሞች ደግሞ እንዲህ ያሉት ቤቶች ከግማሽ በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ የትሩሮ ቋሚ ነዋሪዎች 2,450 ያህል ብቻ ነበሩ። በበጋ ግን ከተማው በብዙ እጥፍ ሞልቶ ይገኛል።

የእነዚህ ከተሞች አስተዳደር እኛ ከምናውቀው የተለየ ነው። ከጥንት ጀምሮ የወረሱት የከተማ ጉባኤ የሚባል ሥርዓት አላቸው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በጸደይ ወራት፣ በከተማው በመራጭነት የተመዘገበ ሰው ሁሉ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል። አዳራሹም አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። እንደራሴ ልኮ አይደለም፤ ራሱ መጥቶ፣ ተከራክሮ፣ ስለ ከተማው በጀት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤት አሠራር ደንብ ይወስናል። የበጋው ባለቤት ወደዚህ ጉባኤ ቢመጣ ሊያዳምጥ ይችላል፤ ለመናገር ግን የጉባኤው መሪ ወይም ጉባኤው ራሱ ሊፈቅድለት ያስፈልጋል። በውሳኔው ሰዓት እጁን ማውጣት አይችልም። ምርጫ የሚመርጠው በመራጭነት በተመዘገበበት፣ ዋና መኖሪያው በሆነው ከተማ ነውና።

እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች አቤቱታ ምንድር ነው? በክርክሩ ዕለት እኔው ራሴ ስለ ተናገርሁት፣ አሁንም ሳልቀንስ ላቅርበው።

አንደኛ፣ ለከተማው ዋናው ገቢ የቤትና የመሬት ግብር ነው። የበጋው ባለቤት ይህን ግብር ዓመቱን ሙሉ እንደሚኖር ሰው ይከፍላል። ልጆቹን ግን በከተማው ትምህርት ቤት አያስተምርም፤ በክረምት በረዶ የተጠረገበት መንገድም አይጠቅመውም። ሁለተኛ፣ የማሳቹሴትስ ሕግ ከተሞች ቢፈልጉ ለቋሚ ነዋሪዎች ከግብሩ ግምት እንዲቀንሱላቸው ይፈቅዳል። ይህ ቅናሽ እስከ አማካዩ የቤት ግምት 35 በመቶ ሊደርስ ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የቤቶች ሕግ ደግሞ የበጋ ሰዎች የሚበዙባቸው ተብለው የተሰየሙ ከተሞች ከዚያ ከፍ እንዲያደርጉት በር ከፍቷል። ከአንዱ ላይ የተቀነሰው ሸክም ግን በሌላው ላይ መጫኑ አይቀርም። ትሩሮና ፕሮቪንስታውን ይህን ቅናሽ ከተቀበሉት ከተሞች መካከል ናቸው። ስለዚህ የበጋው ባለቤት፣ «ሸክሙን የሚጭኑብኝ እጅ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው፤ የእኔ እጅ ግን ታስሯል» ይላል። ሦስተኛም፣ ይህ የሆነው በማን አገር ነው? እ.ኤ.አ. በ1773 ሰዎች «እንደራሴ በሌለን ምክር ቤት ግብር አይጣልብንም» ብለው የመርከብ ሻይ ወደ ባሕር የጣሉት በዚሁ በማሳቹሴትስ፣ በቦስተን ወደብ አይደለምን?

ይህ አቤቱታ የሚናቅ አይደለም። በአንዳንድ ስፍራም ተቀባይነት አግኝቷል። በጎረቤቱ በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት በከተማው ውስጥ ግምቱ ከ1,000 ዶላር የማያንስ ግብር የሚከፈልበት ንብረት ያለው ጎልማሳ የአሜሪካ ዜጋ፣ ነዋሪ ባይሆንም እንኳ፣ በከተማው ጉባኤ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ሹማምንትን በመምረጥ ግን አይገባም። በደላዌር ክፍለ ግዛት ሪሆቦዝ ቢች በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ነዋሪ ያልሆኑ ባለቤቶች በከተማው ምርጫ ይመርጣሉ። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ያለችው ማውንቴን ቪሌጅም ለእንዲህ ያሉት ባለቤቶች የመምረጥ መብት ስለ ሰጠች ተከስሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት መብቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈርዷል። በካናዳ ኦንታሪዮም ነዋሪ ያልሆነ ካናዳዊ ባለቤት በቤቱ ከተማ የአካባቢ ምርጫ ይመርጣል። እነዚህ ከተሞች ስለዚህ አልፈረሱም። ስለዚህ «መብቱ ከተሰጠ ከተማው ይጠፋል» የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አጋንኖታል።

በክርክሩ ያሸነፍነው ይህን ሁሉ ደርድረን ነው። አሁን ደግሞ ያልተናገርሁትን ልናገር።

በኬፕ ኮድ በጋው አልፎ መስኮቶቹ ከተዘጉ በኋላ የሚቀሩትን ሰዎች እናስብ። የሚቀሩት አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ዓሣ አጥማጁ፣ እሳት አጥፊው፣ አናጢው፣ ሱቅ ጠባቂዋ ናቸው። ባለቤቶቹ በሌሉበት የሚፈነዳውን የውሃ ቧንቧ የሚጠግኑት እነርሱ ናቸው። የብዙዎቹ ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ ይኸውም ቤት ማጣት ነው። ባሕር ዳር ያለ ቤት ከሩቅ የመጣ ገንዘብ ስለሚፈልገው ዋጋው ሰማይ ይደርሳል፤ በዚያው ተወልዶ በዚያው የሚሠራ ወጣት ግን የሚከራየው ጎጆ እንኳ ያጣል። እንግዲህ ጉባኤው ተሰብስቦ፣ «ለሠራተኞች የሚሆን ቤት እንሥራ ወይስ አንሥራ? ትምህርት ቤቱን እናስፋው ወይስ እንተወው?» ብሎ በሚጠይቅበት ሰዓት፣ ከቤቶቹ ከግማሽ በላይ የበጋ ቤቶች በሆኑበት ከተማ ለእያንዳንዱ ባለቤት እጅ ብንሰጥ ምን ይሆናል? ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ሰው በገዛ ከተማው በቁጥር ያነሰ ይሆናል። የልጆቹን ትምህርት ቤት ዕድል የሚወስኑት ልጆቻቸውን በሌላ ስፍራ የሚያስተምሩ ሰዎች ይሆናሉ።

ይህ ፍርሃት በምናብ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በትሩሮ ልዩ ጉባኤ ሊደረግ በታሰበበት ወራት፣ በዓመቱ ከፊል ብቻ የሚኖሩ ሰዎች በመራጭነት መመዝገባቸው ክርክር አስነሣ። «እነዚህ ሰዎች በእውነት ነዋሪ ናቸውን?» ተብሎ የብዙዎቹ ምዝገባ ለመዝጋቢዎቹ ቦርድ አቤት ተባለበት፤ ጉባኤውም ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ጎረቤት ጎረቤቱን «የት ነው የምታድረው?» ብሎ በመዝጋቢ ፊት መጠየቅ ሲጀምር የከተማ ፍቅር ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

ከዚህም የባሰ አለ። መብቱ ከሰውዬው ተነሥቶ ከንብረቱ ጋር ከተጣበቀ፣ ንብረት በዝቶ ባለቤቱ አንድ ሲሆን ምን ይደረጋል? በደላዌር ኒዋርክ በምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ አንድ የንብረት አስተዳዳሪ 31 ድምፅ ሰጠ። ያታለለው ነገር አልነበረም፤ በ31 ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም የተመዘገቡ ቤቶች ስለ ነበሩት የከተማው ደንብ ለእያንዳንዱ ኩባንያ አንድ ድምፅ ፈቅዶለት ነው። ከተማው በኋላ ደንቡን አሻሻለ። ኩባንያ አይታመምም፤ አይራብም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት በር አይመለስም። ታዲያ የኩባንያው እጅ ከእናትየዋ እጅ እኩል፣ ከዚያም 31 ጊዜ ሊወጣ ይገባልን?

የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1969 የወሰነው አንድ ነገር እዚህ ላይ መታወስ አለበት። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በአንዳንድ ስፍራ በትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ የሚመርጡት ግብር የሚከፈልበት ቤት ወይም መሬት ያላቸው ወይም የተከራዩ፣ ወይም በትምህርት ቤቱ የሚማር ልጅ ያላቸው ብቻ ነበሩ። በወላጆቹ ቤት የሚኖር አንድ ወንደ ላጤ፣ «ቤትም ልጅም ባይኖረኝ ነዋሪ ነኝ» ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ፈረደለት። ሰውን የከተማ ባለ ድርሻ የሚያደርገው የባለቤትነት ካርታው ሳይሆን ኑሮው ነው ማለት ነው።

እኛስ በአገራችን ይህን ነገር አላየነውምን? በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ለማዘጋጃ ቤቱ ምክር ቤት የመምረጥ መብት የማይንቀሳቀስ ንብረት ላላቸው ሰዎች የተሰጠ ነበር። በኪራይ ቤት ለሚኖረው ብዙው ሕዝብ ከተማው ከተማው ነበረ፤ ምክሩ ግን የእርሱ አልነበረም። ከዚያ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ በቀበሌም «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ተቋቋመ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የባለቤቶች ሳይሆን የነዋሪዎች ማኅበር ነው። አያቶቻችን በመጀመሪያው ዘመን ባለቤቱ ተሰምቶ ነዋሪው ሲረሳ፣ በሁለተኛው ዘመን ነዋሪው ተሰብስቦ ባለቤቱ ሲረሳ አይተዋል። ሁለቱም ቂም አተረፉ።

በዛሬውም ሕጋችን መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሆኑ የውጭ ዜጎች በአገራችን ልዩ ልዩ መብት እንዲኖራቸው የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 270/1994፣ ማለትም ብዙዎቻችን «ቢጫ ካርድ» በምንለው መታወቂያ የሚሠራበት ሕግ፣ ቤት እንዲኖራቸው ሲፈቅድ መምረጥንና መመረጥን ለይቶ አስቀርቷል። አጎቴም ቢጫ ካርድ ካላቸው አንዱ ናቸው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል። በአማርኛ «ድምፅ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንዱ ከጉሮሮ የሚወጣው፣ የሚሰማው ነው፤ ሁለተኛው በምርጫ ሳጥን የሚገባው፣ የሚቆጠረው ነው። በክርክራችን ዕለት «ድምፅ ሊኖረው ይገባል» ስንል ሁለቱን ደባልቀን ነበር፤ ያሸነፍነውም በከፊል በዚህ መደባለቅ ይመስለኛል። ድምፅ ማሰማትና ድምፅ መስጠት ግን አንድ አይደሉም። ማሰማት የሚነካው ሰው ሁሉ መብት ነው፤ መስጠት ግን ከውሳኔው ጋር አብሮ የሚያድር ሰው መብት ነው።

እድራችንን እንመልከት። ሩቅ አገር ያለ ሰው መዋጮውን በዘመዱ እጅ ይልካል፤ ስሙም ከመዝገቡ አይፋቅም። ነገር ግን ድንኳን የሚተክለው፣ በሌሊት ተነሥቶ ለቀስተኛ የሚቀበለው፣ አስከሬን የሚሸኘው ያለው ሰው ነው። መዋጮ ትልቅ ነገር ነው፤ ትከሻን ግን አይተካም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለውም የሩቁን ዘመድ ለመናቅ ሳይሆን፣ በጭንቅ ቀን ማን እንደሚደርስ ለማስታወስ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውም ምክር ለኑሮ መልካም ነው፤ ለምርጫ ግን አይሆንም። ሁለት ቤት ያለው ሰው አንዱ ከተማ ቢበላሽ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ አንድ ቤት ብቻ ያለው፣ ወይም ምንም የሌለው ነዋሪ ግን መሄጃ የለውም። መሄጃ የሌለው ሰው እጅ በሚቀሩት እጆች ብዛት እንዳይዋጥ መጠበቅ ፍትሕ ነው።

ይሁንና ነዋሪው ይህን መብት ሲይዝ ሌላ ዕዳ ይከተለዋል። አባቶቻችን ሰውን በሌለበት መፍረድ ነውር ነው ይላሉ። በአዳራሹ የሌለ ሰው ላይ ግብር መጨመር እጅግ ቀላል ነው፤ የሚቃወም የለምና። ነዋሪዎች ይህን ቀላል መንገድ ደጋግመው ቢሄዱበት፣ ባለቤቶቹ የመምረጥ መብት ቢጠይቁ አያስገርምም። ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገር ቢደረግ መልካም ይመስለኛል።

መጀመሪያ፣ ቤት ያለው ሰው በከተማው ጉባኤ የመናገር ነገር በመሪው ቸርነት የሚገኝ ሳይሆን በደንብ የተጻፈ መብት ይሁን። ሁለተኛ፣ ባለቤቶቹ በሚገኙበት ወራት፣ በጀቱ ሳይዘጋ አስቀድሞ፣ የከተማው አስተዳደር አንድ ጊዜ ይስማቸው። በኬፕ ኮድ አንዳንድ ከተሞች ለበጋ ነዋሪዎች አማካሪ ኮሚቴ ማቋቋማቸው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሦስተኛ፣ በቦታው በሌለው ሰው ላይ ብቻ የሚወድቅ ግብር ሲጣል ምክንያቱና ገንዘቡ የዋለበት ሥራ ተጽፎ ይላክለት። ከዚህ በላይ የሚፈልግ፣ መምረጥም የሚሻ ባለቤት ቢኖር መንገዱ ክፍት ነው፤ መጥቶ ይኑር።

አሁን ወደ ሰፈራችን ቦይ ልመለስ። ያን ዕለት ለአጎቴ መልስ ያጣሁት ጥያቄያቸው ግማሹ ትክክል ስለ ነበረ ነው። ቦዩ በግቢያቸው አጥር ሥር እንደሚያልፍ ማንም አልነገራቸውም ነበር። ይህ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃ ነበር። ነገር ግን ጎርፉ የሚመጣው በነሐሴ ነው፤ አጎቴ የሚመጡት በጥር ነው። በነሐሴ ሌሊት ውሃ ሲገባ አልጋ የሚያነሡት፣ ሕፃን የሚያሸሹት ከእርሳቸው ግቢ በታች ያሉት ተከራዮች ናቸው። ቦዩ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለውን ሊወስኑ የሚገባቸው እነርሱ ናቸው እላለሁ።

ዘንድሮ ለጥምቀት በመጡ ጊዜ ይህንኑ እንደዚህ ነገርኋቸው፤ «ጋሼ፣ ሳይጠይቁዎት መቅረታቸው ስሕተት ነው፤ ቢጠይቁዎት ግን ቃልዎ አንድ ምክር ይሆን ነበር እንጂ አንድ እጅ አይሆንም» አልኋቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆይተው፣ «ከገንዘቤ ጋር እጄንም ብትቀበሉኝ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ፈጽሞ አልተስማማንም። ሆኖም በማግሥቱ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወደ ግቢያቸው ገብተው ቦዩ የሚያልፍበትን መሥመር አሳዩአቸው። አጎቴም ውሃው ወደየት ማዘንበል እንደሚሻለው በእጃቸው እያመለከቱ ሲናገሩ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው አዳመጧቸው።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ ከእኛ መካከል ነገ ብዙዎቻችን ከዚህ ከተማ ወጥተን በሩቅ እንኖር ይሆናል፤ ቤትም እንሠራ ይሆናል። ያን ጊዜ ግብር ስለ ከፈልን ብቻ ከተማው የእኛ እንደ ሆነ አንቁጠር። ወላጆቻችንና የሰፈራችን ታላላቆችም፣ እዚህ ስላላችሁ ብቻ የሄደውን አትርሱት፤ በሩ የተዘጋ ቤት ባለቤት አለውና፣ ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁት።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ